የአብዬ የቀዷ ደብተር



ባለፈው ሰመስተር ከዐስር በኋላ በነበረን ደርስ ላይ የተነሳውን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ለዓመታት ሶላት ያልሰገደ ሰው ወደ ሶላቱ ሲመለስ ያለፈውን ምን ያድርገው? ኡስታዛችን የሁለቱንም ወገን ሐሳብ አስረዱን። የአራቱ መዝሀብ ዑለማዎች አብዛኞቹ ያለፈ ፈርድ ዕዳ ስለሆነ ቀዷ ይወጣል ይላሉ። ኢብን ሐዝምና ኢብን ተይሚያ ደግሞ ሆን ተብሎ ጊዜው እስኪያልፍ የተተወ ሶላት በቀዷ አይመለስም፤ ሰውየው ተውበት ያድርግ፣ ሱናና መልካም ሥራ ያብዛ ብለዋል። ክርክሩ ሞቀ። በመጨረሻ አንድ ወንድማችን «ኧረ የስንት ዓመት ሶላት ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል?» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኛም ፈገግ አልን፤ ምክንያታችን ግን ሌላ ነበር። እኛ ቤት የቆጠረ ሰው አለ።

«እኛ» ስንል የአብዬን የልጅ ልጆች ማለታችን ነው። ዐሥራ አንድ ነን፤ ሁለታችን እዚሁ ግቢ ምህንድስና እንማራለን። አብዬ የሚኖሩት ሐርቡ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ያያታል፤ ሙቀቷ ከመኪናው መስኮት ይገባል። አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ አላቸው። ጎሚስታ ስንል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በቆርቆሮ የተከደነች ደጅ፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ ሁለት ክሪክ፣ ከግድግዳው የተደገፉ አሮጌ ጎማዎች፣ የተበሳ ካላማዳሪያ የሚነከርበት ውሃ የሞላ ሳፋ፤ በቃ ይኸው ነው። አረፋ የምታወጣዋን ቀዳዳ ቀድሞ በጣቱ የያዘ ልጅ ሃምሳ ሳንቲም ያገኛል። ስለ አየር ግፊት መጀመሪያ የተማርነው እዚያ ሳፋ ውስጥ ነው ብንል የትምህርት ክፍላችን የሚቀየመን አይመስለንም።

አብዬ ወታደር ነበሩ። ዐሥራ አራት ዓመት።

በ1969 ለሚሊሺያ ሲመለመሉ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እምዬን ካገቡ ዓመት አልሞላቸውም፤ እምዬ እናታችንን አርግዛለች። በታጠቅ ጦር ሰፈር ጥቂት ወራት ሠልጥነው፣ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በያዘበት ጊዜ ወደ ምሥራቅ ተጫኑ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966፣ ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ያን ትልቅ ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ደርግም ሥልጣን እንደያዘ ሁለቱን ዒዶችና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረገ። አብዬ ይህን ሲያነሱ «በዓሉንም የሰጠን፣ ጦርነቱንም የሰጠን ያው አንድ መንግሥት ነው» ይላሉ። ምሬት ይሁን ምስጋና ከድምፃቸው ለይተን አናውቅም።

የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ሲመለስ ካራማራ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሰሜን። በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋ አካባቢ ታፋቸውን ፍንጣሪ መታቸው፤ ሲድኑ ወደ ተሽከርካሪ ክፍል ተዛወሩ፤ ጎማ መጠገን የተማሩት ያኔ ነው። መጋቢት 1980 አፍአበት ላይ ጦሩ ሲደመሰስ አመለጡ። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው ወደ ሱዳን ድንበር ከተመሙት አንዱ ሆኑ። ልጆች ሆነን ስንት ታንክ እንዳቃጠሉ እንጠይቃቸው ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጎማ ነው የቀየርኩት።»

በዐሥራ አራቱ ዓመት ቤታቸውን ያዩት ሁለት ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ፈቃድ በኋላ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። በ1977 ድርቁ ወሎን ሲያነድደው እምዬ ሁለቱን ልጆች ይዛ ወደ ባቲ መጠለያ ሄደች። ይዛ የተመለሰችው እናታችንን ብቻ ነው። ደብዳቤው አብዬ ዘንድ እስኪደርስ ወራት ፈጀ፤ በደረሰ ጊዜም ፈቃድ የለም ተባሉ። ስለዚህ ልጅ ቤታችን ውስጥ ብዙ አይወራም። ስሙን እናውቃለን፤ ከመካከላችን አንዱ በእሱ ስም ይጠራል።

አብዬ በ1983 ክረምት ማብቂያ ሲመለሱ እናታችን የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። በሩ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል። እንግዳ መስሏት ውሃ አቀረበችላቸው፤ ጠጥተው «አላህ ይስጥሽ ልጄ» አሏት፤ እሷም «አሚን» ብላ ጣሳዋን ተቀብላ ልትገባ ስትል እምዬ ከጓዳ ወጣች። ይህን ታሪክ እናታችን እየሳቀች ነው የምትነግረን። እምዬ ስትሰማ ግን ተነስታ ትወጣለች።

በተመለሱ በሳምንታቸው የሰፈራችን ሸኽ (ዛሬ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይማራቸው) ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ሱረቱ ኒሳእን እያስተማሩ ነበር። አንቀጽ 102 ላይ ደረሱ፤ ሶላቱል ኸውፍ። ጠላት ፊት ለፊት እያለ እንኳ ሶላት እንደማይተው፣ ሠራዊቱ በሁለት ተከፍሎ አንዱ ሲሰግድ ሌላው መሣሪያውን ይዞ እንደሚጠብቅ አስረዱ። አብዬ በልጅነታቸው የቀሩት ጁዝ ዐመን ብቻ ነው። ተየሙም ያውቃሉ፤ ይህን ግን ሰምተው አያውቁም። በጦርነት ላይ ያለ ሰው፣ ልብሱ ደም የነካው ሰው፣ ጫማውን ማውለቅ የማይችል ሰው ሶላት የለበትም ብለው ነው የኖሩት። ሸኹ ደርሳቸውን ሲጨርሱ አብዬ አልተነሱም። ለምን እንደሚያለቅሱ የጠየቃቸው ሰው «የሚነግረኝ ጠፋ፤ ዐሥራ አራት ዓመት አንድ የሚነግረኝ ጠፋ» ብለው መለሱለት።

መቁጠር የጀመሩት በማግስቱ ነው።

አቆጣጠራቸውን ብታዩ ከአንዳንዶቻችን የላብ ሪፖርት የጠራ ነው። ዓመቶቹን በየቦታው ከፋፈሉ፤ ታጠቅ፣ ሐረርጌ፣ ኤርትራ። በየቦታው ምን ያህል እንደሰገዱ አስታወሱ። አንድ ምሽግ ውስጥ አብረዋቸው ስለነበሩ የመንዝ ሰው የሰማነው ከዚህ ቆጠራ ነው። ሰውየው ክርስቲያን ናቸው። ሰዓት ሲደርስ «ያንተ ሰዓት ደርሷል፤ ስገድ፣ እኔ አለሁ» እያሉ መሣሪያቸውን አቅንተው ይቆሙላቸው ነበር። እኚያ ሰው አፍአበት ላይ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሳቸው ሰው ስላልነበረ ሶላቱ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። እንግዲህ ሶላቱል ኸውፍን ሳያውቋት ግማሿን ሲሠሯት ነበር ማለት ነው፤ ጠባቂው የሌላ ሃይማኖት ሰው መሆናቸው ብቻ ነው ልዩነቱ።

የቆጠራው ውጤት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ዘጠኝ በ365፣ በአምስት ሲባዛ 16,425 ሶላት። የሒጅራው ዓመት በዐሥራ አንድ ቀን ያጥራልና ቁጥሩ ያንሳል ብለን አንድ ጊዜ ነግረናቸው ነበር። «ትርፉ ማንን ጎዳ?» አሉን።

ከመስከረም 1984 ጀምሮ ከእያንዳንዱ ፈርድ ጋር አንድ ቀዷ ይሰግዱ ጀመር። ለዚህ ነው በእናታችን ዕድሜ የነበሩ የደሴ መስመር ሾፌሮች ሐርቡ ላይ ጎማ ሲፈነዳባቸው የሚማረሩት። ጎማው ተፈትቶ፣ መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ፣ ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ባለ ጎሚስታው ዙህርን ጨርሰው ሰላም ብለው ሾፌሩ ተመስገን ሲል እንደገና ተነስተው «አላሁ አክበር» ይላሉ። «እኚህ ሰውዬ ሁለት ሃይማኖት ነው እንዴ ያላቸው?» ያለ ሾፌር እንደነበረ እስከ ዛሬ ይወራል። ደንበኛ ሸሽቷቸዋል፤ ልጆች እየበዙ ነበርና እምዬ በዚህ ተነታርካቸዋለች። በአምስቱ ልጆች ፊት «ቀዷህ ጤፍ አይሆንም» ያለቻቸው ቀን አለ። አብዬም ተስማምተው የዙህሩንና የዐስሩን ቀዷ ወደ ማታ አዛወሩ። ዲናችንን ከቤተሰብ ጋር እንዴት እንደምናስኬድ ብዙ ሴሚናር ተካፍለናል፤ ከዚህች ስምምነት ያለፈ ነገር ግን አልሰማንም።

በ1993 መስከረም አለቀ። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ጎረቤት ተጠራ። በሳምንቱ አብዬ አዲስ ደብተር ገዙ። እምዬ ምን ሆነህ ነው ስትላቸው «ዘጠኝ ያልኩት በግምት ነው። ግምቱን የገመትኩት ደግሞ እኔው ነኝ» አሉ። ሰገድኩ ያሏቸውን አምስት ዓመታት አላመኗቸውም። አምስት በ365፣ በአምስት፤ 9,125። ዕድሜም ሥራም አለና በቀን አንድ፣ ከዒሻእ በኋላ። ሃያ አምስት ዓመት ይፈጃል። እኛ የምናውቀው ይህን ሁለተኛውን ዙር ነው፤ ብዙዎቻችን ከተጀመረ በኋላ ነው የተወለድነው።

የኢብን ተይሚያን ሐሳብ የነገርናቸው ፍሬሽ ማን በሆንንበት ዓመት ዕረፍት ላይ ነው። በጥሞና ሰሙን። ከዚያ «የአብዛኞቹ ዑለማዎች ቃል ትክክል ከሆነ ዕዳዬ ተከፈለ። የሁለተኞቹ ትክክል ከሆነ ደግሞ ሱና ሆኖ ይጻፍልኛል። በየትኛው ነው የምከስረው?» አሉ። እኛ ሴፍቲ ፋክተር የሚባለውን ነገር በሁለት ክሬዲት ሰዓት ተምረን ነበር የሄድነው።

አንድ ነገር ደጋግመን እንጠይቃቸዋለን፦ ያ ሁሉ ሶላት ያለፈው በጦርነቱ ነው ወይ? አይደለም ይላሉ። «ተኩስ ያለበት ቀን ጥቂት ነው። ወታደር አብዛኛውን ዕድሜውን ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው። የበዛው የስንፍና ነው።» ካድሬ ይታዘበኛል ያሉባቸው ቀናትም አሉ፤ ለእነሱ የተለየ ገጽ ሰጥተዋቸዋል። በሶላት ሰዓት ክላስ ተያዘብን፣ ፈተና ደረሰብን ስንል የምንሰነብት ሰዎች ይህን ብንሰማ ምን እንደሚሰማን ለየራሳችን እንተወው።

እሳቸው ለአላህ የሚከፍሉትን እንዲህ ሲቆጥሩ ለእሳቸው የሚከፈል ነገር አልነበረም። ከጦሩ መበተን በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ማስረጃ አምጣ ተባሉ። ማስረጃቸውን ወደ ሱዳን ሲሻገሩ ቀብረውታል። አራተኛ ጊዜ ያልሄዱት ቂም ይዘው ነው ብለን ልናሳምር እንችል ነበር፤ እሳቸው የሚሉት ግን «እዚያ በሄድኩ ቁጥር ጎሚስታው ተዘግቶ ይውላል» ነው። በ1990 የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ግን ስማቸው ወዲያው ተገኘ። የቀድሞ ወታደሮች ሲጠሩ ከቀበሌ መጡ። እምዬ አምስቱን ልጆች ከትልቅ እስከ ትንሽ አስከትላ ራሷ ቀበሌ ሄደች። እዚያ ምን እንዳለች አልተነገረንም። አብዬ ግን አልሄዱም።

ስለ እምዬ አንድ ነገር ሳንጽፍ ብናልፍ ግፍ ይሆናል። አንድ ቀን ደብተሮቹን ዘርግተን ስንደምር ቡና እየቆላች ታየን ነበር። «የሱ ጦርነት ደብተር አለው» አለች። «የኔ የለውም።» ከዚያ ቡናውን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፤ አብዬ ቀና ብለው አላዩንም። ከዚያ ወዲህ አንዷ እህታችን ሶሻል ሳይንስ ትማራለችና በየዕረፍቱ አጠገቧ ተቀምጣ በስልኳ ትቀዳታለች። ስለ 1977 እስካሁን የተናገረችው ሰባት ደቂቃ ያህል ነው።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ወሎ ወረደ። ወልድያ፣ መርሳ እያለ ሲቃረብ በየሰፈሩ ወጣቱ ይመዘገብ ጀመር። ከእኛ ከፍ ከፍ ያልነው ትምህርት ቤት ነበርን፤ ጓደኞቻችን ሄደዋል፤ ከመካከላችን አንዱም እሄዳለሁ አለ። እናቶች አለቀሱ። አብዬ ሂድም አትሂድም አላሉም። ማታ ሁላችንንም ግቢ ውስጥ ሰብስበው ስለ ካራማራ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን። ነፋሱን ነገሩን፣ ብርዱን። ከዚያ አንድ ንጋት ላይ ተኩሱ ጋብ ሲል ከማዶ፣ ከሶማሌዎቹ በኩል፣ የሱብሒ አዛን እንደተሰማቸው ነገሩን። «እኔንም ነው የሚጠራው። መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ፤ አጠገቤ ያለው ልጅ በዚያ ድምፅ አቅጣጫ አነጣጠረ።» ተኮሰ ወይስ አልተኮሰም? አልነገሩንም፤ አልጠየቅናቸውምም።

ከዚያ ተነሱና አሰለፉን። ቁርኣን የሐፈዘውን ልጅ ኢማም አደረጉት፤ እኛን ለሁለት ከፈሉን። ግማሾቻችን መጥረጊያና ዱላ ይዘን ፊታችንን ወደ በሩ አዞርን። ግማሾቻችን ከኢማሙ ጋር አንድ ረከዓ ሰገድን፤ እሱ ቆሞ ሲጠብቅ ሁለተኛዋን ለየራሳችን ጨርሰን ወደ በሩ ሄደን ዱላውን ተቀበልን። እነዚያ ደግሞ መጥተው ከኢማሙ ቀሪዋን ረከዓ ሰገዱ፤ ኢማሙ ተቀምጦ ጠበቃቸው፤ አብረውት አሰላመቱ። ሕፃናቱ ሳቁ። አብዬ ሦስት ጊዜ አስደገሙን። የሚሄደውን ልጅ አንድ ጊዜ ከሰጋጆች፣ አንድ ጊዜ ከጠባቂዎች፣ አንድ ጊዜ ኢማም አድርገው። ሲጨርሱ «እንግዲህ አልነገሩኝም አትልም» አሉት።

ሄደ። ተመልሷል፣ አልሐምዱሊላህ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ እንድንጽፍ አልፈቀደልንም።

ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲወርድ እኛ ከእናቶቻችን ጋር ቀድመን ወጥተን ነበር። አብዬና እምዬ አንሄድም ብለው ቀሩ። በኅዳር ማብቂያ ሰው መመለስ ሲጀምር ቤቱን እንዴት እንዳገኘነው አንዘርዝር፤ የወሎ ልጆች ታውቁታላችሁ። ኮምፕሬሰሩ የለም፤ ሁለቱም ክሪኮች የሉም። ደብተሩ ግን ከማገሩ ሥር አለ። በእነዚያ ሳምንታት ያሉት መስመሮች በከሰል የተጻፉ ናቸው፤ እስክሪብቶ አልቆባቸው ኖሯል። አንድም ቀን አልተዘለለም።

በእኛ ስሌት ሃያ አምስቱ ዓመት ባለፈው ጳጉሜን መሙላት ነበረበት። ግን በየጊዜው በሕመም የተስተጓጎሉ ቀናት ተደማምረው ወደ አንድ ዓመት ይጠጋሉ። ጉልበታቸውም አልታዘዝ ስላላቸው አሁን ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚሰግዱት። በዚህ የካቲት፣ በሰመስተሩ ዕረፍት፣ ስንሄድ የያዙት ደብተር መጨረሻው ገጽ ላይ ደርሷል። የቀራቸው 190 ነው። ኮምቦልቻ ላይ ስንወርድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተንላቸው ነበር። ተቀበሉን፣ መረቁን፣ መነጽራቸውን አድርገው መስመሮቹን ቆጠሩ፤ በገጽ ሃያ አምስት። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ሽቦውን በጥፍራቸው ቀና አድርገው ከመሐሉ አራት ሉክ አወጡ፤ ሽቦውን መልሰው አጠፉትና የቀረውን ደብተር ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ለገባችው ለትንሿ የአክስታችን ልጅ ሰጧት።